ላይኛው ቦታ የሌለው ጠረጴዛ

እኩል ያልሆነ ነገር ሲያይ የሚያመው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ጣሊያን ከወጣ በኋላ ጎንደር ውስጥ የሒሳብ መምህር የነበረው ጎረቤቴ እንደዚያ ነበር። አራዳ ላለ አናጺ ባለ ስድስት ጎን ጠረጴዛ አዘዘ። ጎኖቹም ማዕዘኖቹም እኩል እስኪሆኑ አናጺውን ሦስት ጊዜ አስፈረሰው።

ከዚያ ሚስት የሚጠይቁለትን አምስት ሽማግሌዎች ምሳ ጋበዘ። እኔ የእጅ ውሃ ይዤ ቆሜያለሁ። ሽማግሌዎቹም ገብተው ቆሙ።

«ልጄ፣ ላይኛው ቦታ የቱ ነው?» አሉ አያ ተገኘ።

«አያ፣ ላይና ታች የለውም። ሁሉም እኩል ነው።»

«ምነው ልጄ! ታዲያ እኔ የቱን ቦታ እምቢ ብዬ ለአያ ፈንታ ልተውላቸው?»

እውነታቸውን እኮ ነው! «እርስዎ ወደ ላይ ይበሉ»፣ «ኧረ በፍጹም» ሳንባባል እህል ይወርድልናል? ወጡ ቀዘቀዘ፤ ሙሽሪት ያመለጠችው የመሰለውን መምህር ላብ አጠመቀው።

አያ ተገኘ ጋቢያቸውን አጥፈው ከአንዱ ጎን ወንበር ላይ አነጠፉና «በሉ፣ ላይኛው ይሄ ነው» አሉ። ወዲያው ሁሉም ቦታውን እየሸሸ ሌላውን ይጎትት ጀመር፤ ቤቱ ሞቀ! በመጨረሻ ተስማምተው ያስቀመጡት ማንን ቢሆን ጥሩ ነው? መምህሩን።

እጁን ሳስታጥበው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና «ይሄኛው ጎን ግን ትንሽ ሰፋ አይልም?» አለኝ።