«ማን ነካው?» ባዩ ኢንጂነር ዱጉማ

በዚህ ከተማ ኮምፒውተር ባለበት ቤት ሁሉ ሁለት ነገር አይጠፋም። አንዱ አቧራ ነው፤ ሌላው ገና ደጃፉን ሳያልፍ «ማን ነካው?» የሚል ባለሙያ ነው። ሰላምታ የለ፣ ደህና ናችሁ ወይ የለ። መብራት ቢቆራረጥም፣ አይጥ ገመዱን ብትበላውም፣ ለእሱ ጥፋቱ ምንጊዜም የአንድ ሰው ጣት ነው።

የእኛ የዊንጌት ሰፈር ባለሙያ ክቡር ኢንጂነር ዱጉማ ይባላሉ። በዕድሜ እኩያዬ ናቸው፤ አንቱ ያልኳቸው አረማመዳቸውን አይቼ ነው። ማዕረጉን ከየት እንዳመጡት የሚያውቅ የለም። አንድ ጊዜ የቸርቻችንን የመዝሙር ኪቦርድ ጠግነው ሄዱና በሳምንቱ እሁድ እንደገና ድምፁ ጠፋ። መጡ፤ «ማን ነካው?» አሉ። የሚጫወተው ልጅ እጁን አወጣ። ምስኪኑ ልጅ ኪቦርድ በመጫወቱ ይቅርታ ጠይቆ ተቀመጠ።

ከሁሉ በላይ የሚኮሩት ግን በማገናኘት ነው። «የማይገናኝ ነገር የለም» ይላሉ፣ ሽማግሌ ሆነው የተጣላ ባልና ሚስት ያስታረቁ ይመስል። እኔ ከምጽፍባት ክፍል ሥር የእትዬ ደሳለች የቪዲዮ ስቱዲዮ አለ። የሰፈሩ ሠርግ ሁሉ እዚያ ስለሚቀናበር ኮምፒውተሮቹ በሙሽራ ተጨናንቀው መተንፈስ አቃታቸው። እትዬ ብዙ ዲስክ የታጨቀበት ሳጥን ገዝተው ጓዳ አስቀመጡ። ኮምፒውተሮቹ ግን ከሳጥኑ ጋር የሚነጋገሩበት ፕሮግራም አብሯቸው አልመጣም። ኢንጂነሩ የሌላ ኩባንያ ፕሮግራም ጫኑላቸው፣ የሳጥኑን አድራሻና የይለፍ ቃሉን አስገቡ፤ ጓዳ ያለው ሳጥን የኮምፒውተሩ የገዛ ዲስክ ሆኖ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። እኛ አጨበጨብን። እሳቸው ግን ኮስተር ብለው ሕጉን አወጁ።

«ይሄ የምሳ ትሪ አይደለም። የጥርስ ብሩሽ ነው» አሉ። «አንዱ ኮምፒውተር ሳይለቅ ሌላው እንዳይነካው። ሁለቱም የብቻዬ ነው ብለው ስለሚያስቡ አንዱ በጻፈበት ላይ ሌላው ይጽፍበታል።»

ማንን እንደሚያናግሩ ረስተው ነው። በዚያ ስቱዲዮ ብቻውን የሚበላ ሰው የለም። ምሳ በአንድ ትሪ ነው የሚቀርበው፤ ጥሪ ሳያስፈልገኝ እኔም ከፎቅ እወርዳለሁ። ሁለቱ አቀናባሪዎች፣ ኦልያድና ኢየሩ፣ አንዲት ማስቲካ እንኳ ለሁለት ነው የሚከፍሉት። ታዲያ አንድ ሐሙስ ኦልያድ ሳጥኑን ይዞ ሲሠራ ኢየሩ ተራዋን እየጠበቀች ጥፍሯን ታያለች። ልጁ አፈረ። ጓደኛው እያየችው ብቻውን እየጎረሰ ያለ መሰለው። የራሱን ሳይነቅል ተነሥቶ የእሷንም አገናኘላት። ሁለቱም እስኪመሽ በደስታ ሠሩ።

ጠዋት ሁለቱም ስክሪኖች «ይህ ዲስክ ሊነበብ አይችልም፤ ፎርማት ይደረግ?» አሉ።

የቀረው ሁሉ ይቅርና ሳጥኑ ውስጥ የሰፈራችን ልጅ የቦሰና ሠርግ ነበር። አባቷ ሸጎሌ ሰፈር በሠሩት አዲስ ቤት ግቢ ለምለም ሣር ይዘው መርቀው ድረዋታል፤ ወሩን ሳይደፍኑ አረፉ። ድምፃቸው ሌላ የትም አልተቀዳም። ያን ጠዋት ልትወስደው ፍላሽ ይዛ መጥታ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች፣ ከነጥቁር ልብሷ። ማንም ሊነግራት አልደፈረም።

ኢንጂነሩ ተጠርተው መጡ። «ማን...» ብለው ጀመሩና ቦሰናን ሲያዩ ዋጥ አደረጉት። ሁለቱን ስክሪኖች ተራ በተራ ተመለከቱ፤ ፕሮግራሙ በሁለቱም ላይ ክፍት ነው። ቀጥሎ ኦልያድን አዩት። ልጁ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፍቶታል። ኮታቸውን አወለቁና ከቦርሳቸው በካልሲ የተጠቀለለ ዲስክ አወጡ።

ለካ በየሳምንቱ «ሳጥኑን ልየው» እያሉ የሚመጡት፣ እኛ ሻይ ፈልገው ነው እያልን የምናማቸው፣ ቅጂ ሊያስቀሩ ኖሯል። ማንም አላዘዛቸውም። ሐሙስ የተጨመረው ሥራ ሄዷል፤ ሠርጉ ግን እንደተቀረጸ አለ። ሳጥኑን ፎርማት አድርገው ባዶ ካደረጉት በኋላ ሁሉንም ከቅጂው መለሱበት። ከዚያ ቦሰናን ጠሩና ወንበራቸውን ለቀቁላት። አባቷ ሣራቸውን ከፍ አድርገው «ውለዱ፣ ክበዱ» ሲሉ ከስክሪኑ ተሰሙ። ቦሰና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «አሜን» አለች፣ ከቪዲዮው እድምተኛ ጋር እኩል።

እሷን ሸኝተን ስንመለስ እትዬ ደሳለች ወገባቸውን ይዘው ቆመዋል። እትዬ ሲቆጡ ቀልድ አያውቁም፤ ኦልያድም ያውቃል።

«ለመሆኑ ማን ነው የነካው?» አሉ።

ኦልያድ አፉን ሊከፍት ሲል ኢንጂነሩ ቀደሙት።

«እኔ ነኝ እትዬ። ባለፈው ስሞክረው ሁለቱንም አገናኝቼ ረሳሁት።»

«ኢንጂነር ተብዬ! አንተ ዱጉማ፣ በሰው ማሳበብ ብቻ ነው የምታውቀው?» እያሉ እትዬ ወረዱባቸው። በዕድሜያቸው ሙሉ የተቃጠለ አምፖል እንኳ ነካሁ ብለው የማያውቁት ሰው አንገታቸውን ደፍተው ተቀበሉ። ሲወጡ ኦልያድን በሩ ላይ ትከሻውን ያዝ አድርገው፣ «ሰው አጉርስ። ኮምፒውተር አታጉርስ» አሉትና ሄዱ።

በማግስቱ ፕሪንተሬ እምቢ አለኝና ደወልኩላቸው። ደረጃውን ሲወጡ ድምፃቸው ቀደማቸው፤ «ማን ነካው?» ድሮ ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላ ነበር። ፕሪንተሩን ለወር የነካው አልነበረም።

«እኔ ነኝ ኢንጂነር» አልኩና በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩላቸው።