ሁለት ባቡር በአንድ ቅያስ

[ልደታ፤ ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘ በዓመቱ፤ ቀትር ሊሆን ጥቂት ሲቀረው። በሁለት አጥር መካከል የምትሄድ ጠባብ ቅያስ። ወይዘሮ ወለተሰንበት ከአጥር እስከ አጥር የሚነካ የጭራሮ ሸክም አዝለው ከትልቁ መንገድ ገብተዋል። የልጃቸው ባል ዓባይነህ፣ ለገሃር ፉርጎ መጥረግ ከጀመረ ወዲህ የማያውቀው ነገር የሌለ፣ ከቤት ወደ ትልቁ መንገድ ሲሮጥ መሀል ላይ ተፋጠዋል።]

ዓባይነህ፦ ኧረ በልደታ፣ እማማ! ወደ ኋላ ይመለሱ አላልኩም!

ወለተሰንበት፦ ብለሃል።

ዓባይነህ፦ እኔ? አማቴን? ምላሴ ይቆረጥ! ያልኩት «ከኋላዎ ሰፊ ነው» ነው።

ወለተሰንበት፦ ሰፊ መሆኑን እኔ አጣሁት? አሁን በዚያ አይደል የመጣሁት?

ዓባይነህ፦ እንዲያው ለማስታወስ ያህል ነው።

ወለተሰንበት፦ አማቱን ወደ ኋላ በሉ ያለ ሰው በዚህ ሰፈር ፊቱን የት ያስገባል? ከኋላህስ ምን አለ?

ዓባይነህ፦ ከኋላዬማ ቤት ነው ያለው። እኔ የምሄደው ለገሃር ነው! ዛሬ ካፖው፣ ጣሊያኑ የሠራተኛ አለቃ፣ ለአዲሱ ሐዲድ ሠራተኛ ይመርጣል። የቀትሩ ባቡር ሳይጮህ በሩ ላይ የተገኘ እዚሁ አዲስ አበባ ይቀራል። ያልተገኘ መንገድ ሥራ ይሰደዳል። ደሴ ይሁን ጅማ፣ መቼ እንደሚመለስም የሚያውቅ የለም። ልጅዎ ትርፌ ደግሞ ዛሬ ነገ ትወልዳለች የምትባል ናት።

ወለተሰንበት፦ ይሄን ጭራሮ ለማን የተሸከምኩት መሰለህ? ለገንፎዋ አይደል? የልጅ ልጄ አባቱ በሌለበት እንዲወለድ የምፈልግ ይመስልሃል?

ዓባይነህ፦ እንግዲያው ያሳልፉኛ!

ወለተሰንበት፦ እለፋ። ማን ያዘህ?

ዓባይነህ፦ [በግራ ይሞክራል፤ ጭራሮ ይወጋዋል። በቀኝ ይሞክራል፤ ደግሞ ይወጋዋል።] እንጨቱ ያዘኝ!

ወለተሰንበት፦ እሱን ለእንጨቱ ንገረው።

ዓባይነህ፦ ይስጡኝ እስቲ፣ እኔ ልሸከምልዎ። አማቴ እንጨት ተሸክመው እኔ እጄን ሳወዛውዝ ሰው ቢያየኝ ምን ይለኛል?

ወለተሰንበት፦ ተባረክ ልጄ! እንካ። ወደ ቤት ይዘህልኝ ግባ፣ እኔ ከኋላ ከኋላህ እላለሁ።

ዓባይነህ፦ ወደ ቤት አይደለም! እኔ ወደ ጣቢያ ነኝ!

ወለተሰንበት፦ ጭራሮዬን ጣቢያ? ለአራስ ገንፎ የለቀምኩትን ለባቡር ልትሰጥብኝ?

ዓባይነህ፦ ባቡር በጭራሮ አይሄድም፤ በድንጋይ ከሰል ነው የሚሄደው።

ወለተሰንበት፦ እንግዲያ ጭራሮዬን ምን ያደርግለታል?

ዓባይነህ፦ ኤጭ! [ትንፋሹን ሰብስቦ] እማማ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ጥበቡን የሚነግርዎ ሰው ስላላገኙ ነው። ይሄ የባቡር ነገር ነው። ባስረዳዎ ራስዎ ደስ ብሎዎት መንገድ ይለቃሉ።

ወለተሰንበት፦ [ወደ ትልቁ መንገድ ገልመጥ ብለው] አስረዳኝ። ደህና አድርገህ አስረዳኝ። አልቸኩልም።

ዓባይነህ፦ እኔ እቸኩላለሁ! ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሐዲዱ አንድ ነው። ገባዎት?

ወለተሰንበት፦ ሁለት ብረት አይደል እንዴ? በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ዓባይነህ፦ ሁለቱ ብረት አንድ ሐዲድ ይባላል!

ወለተሰንበት፦ እንደ ባልና ሚስት በለኛ።

ዓባይነህ፦ ይሁን፣ እንደ ባልና ሚስት። ጣሊያን ከገባ ወዲህ ጭነቱ በዛ። ሲሚንቶ፣ ብረት፣ ማካሮኒ፣ ጅቡቲ ላይ ተራራ ሆኖ ተቆልሏል። ባቡሩም ይብዛ ተባለ። እንግዲህ አንዱ ሲመጣ፣ አንዱ ሲሄድ፣ ሐዲዱ አንድ! መሀል ላይ ቢገናኙ ምን ይሆናሉ?

ወለተሰንበት፦ ይሳሳማሉ።

ዓባይነህ፦ ይፋጃሉ!

ወለተሰንበት፦ ሰላም ሳይባባሉ?

ዓባይነህ፦ ባቡር ሰላም ማለት አያውቅም!

ወለተሰንበት፦ እሱስ ገና አጯጯሁን ስሰማ ጠርጥሬ ነበር። አሳዳጊ የበደለው ነው።

ዓባይነህ፦ ይስሙኝ! ለዚህ ለመጨናነቅ መፍትሔው ብዙ ነው። አንደኛ፣ ሕግ ይወጣል። ቀላሉ ለከባዱ መንገድ ይለቃል።

ወለተሰንበት፦ ደግ ሕግ ነው። አንተ ባዶህን ነህ፣ እኔ ጭነት አለኝ። ተመለስ።

ዓባይነህ፦ [ይደነግጣል] እ... ያ ሕግ ተሽሯል።

ወለተሰንበት፦ መቼ?

ዓባይነህ፦ አሁን። ሁለተኛው የሰዓት ሕግ ነው። በአንዱ ሰዓት አንዱ ብቻ ይሄዳል፤ ሌላው ተራውን ይጠብቃል።

ወለተሰንበት፦ ይሻላል። እኔ አሁን፣ አንተ ማታ።

ዓባይነህ፦ ማታ ካፖው የለም!

ወለተሰንበት፦ ታዲያ ተቀጠልና እየጎተትኩህ ቤት እንግባ። እኔ ባቡር፣ አንተ ፉርጎ።

ዓባይነህ፦ እኔ ፉርጎ? ሌሊትና ቀን ስለ ባቡር የማስበው ሰውዬ ፉርጎ?

ወለተሰንበት፦ ስትጠርገው ስለምትውል የምትወደው መስሎኝ ነው።

ዓባይነህ፦ [ወደ ሰማይ እያየ] ትዕግሥት ስጠኝ! ሌላው ብልሃት ሁለተኛ ሐዲድ መዘርጋት ነው። አንዱ መሄጃ፣ አንዱ መምጫ። ይሄን የአቶ ሚደቅሳን አጥር ብንነቅለው ቅያሷ ወዲያው ሁለት ትሆናለች።

ወለተሰንበት፦ ንቀለው።

ዓባይነህ፦ ምን?

ወለተሰንበት፦ ንቀለዋ! አቶ ሚደቅሳ ቢመጣ «ባቡር ሊያሳልፍ ነው» እለዋለሁ።

ዓባይነህ፦ [አንዱን የአጥር እንጨት ይይዛል። ከአጥሩ ወዲያ ውሻ ያጉረመርማል። እጁን ቶሎ ይሰበስባል።] ሁለተኛ ሐዲድ ጣጣው ብዙ ነው ይላል መሐንዲሱ።

ወለተሰንበት፦ መሐንዲሱም ውሻውን ያውቀዋል ማለት ነው።

ዓባይነህ፦ [በድንገት ጭኑን ይመታል] አገኘሁት! ዛሬ ካፖው ሰው የሚመርጥለት ሥራ ራሱ! መተላለፊያ ነው የሚሠራው! ሐዲዱ ባለበት አንድ ሆኖ፣ እዚህም እዚያም ጎን ላይ ገባ ያለ አጭር ሐዲድ ይጨመርበታል። አንዱ ባቡር እዚያ ገብቶ ይቆማል፣ ሌላው ያልፋል፣ የቆመው ይወጣል። አለቀ! እኛም አለን፤ ይቺ ከኋላዬ ያለችው የአቶ ሚደቅሳ በር ገባ ብላ አይደል የተሠራችው?

ወለተሰንበት፦ ገባ ብላለች።

ዓባይነህ፦ እኔ በሩ ጉያ እለጠፋለሁ። እርስዎ በፊቴ ያልፋሉ። ከዚያ እኔ ብር ብዬ ወደ ጣቢያ! ይታይዎታል?

ወለተሰንበት፦ [እንደገና ወደ ትልቁ መንገድ ገልመጥ ይላሉ። የመኪና ድምፅ ይሰማል።] ታየኝ። ቶሎ ግባ።

ዓባይነህ፦ [እየሳቀ በሩ ጉያ ገብቶ ይለጠፋል] አዩ? ዕውቀት ማለት ይሄ ነው! ይምጡ! ይምጡ! ቱ...ት!

[ወይዘሮ ወለተሰንበት ዱብ ዱብ እያሉ መጥተው ልክ በሩ ፊት ይቆማሉ። ጭራሮው ጉያዋን እንደ መዝጊያ ይደፍናታል። ዓባይነህ ከነአፍንጫው ይሸፈናል።]

ዓባይነህ፦ እማማ!

ወለተሰንበት፦ አቤት።

ዓባይነህ፦ ምን ሆነው ቆሙ?

ወለተሰንበት፦ ባቡር ጣቢያ ሲደርስ አይቆምም?

ዓባይነህ፦ እርስዎ አላፊ ነዎት! ቋሚው እኔ ነኝ!

ወለተሰንበት፦ አልፌ ልቁም ወይስ ቆሜ ልለፍ?

ዓባይነህ፦ ይለፉ ብቻ! ቅጠል አፌ ገባ! ውሻው ከበሩ ሥር ሱሪዬን ይዞታል!

ወለተሰንበት፦ ውሻ ትኬት ሲጠይቅ መልስ ይሰጡታል እንጂ አይጮኹበትም። እስቲ ዝም በል።

ዓባይነህ፦ እንዴት ዝም እላለሁ?

ወለተሰንበት፦ የቆመ ባቡር እንፋሎቱን አይሰበስብም? ያስተማርከኝን አታፍርስብኝ። ዝም!

[ዓባይነህ ከጭራሮው ኋላ ዝም ይላል። ባለጠመንጃ አስካሪ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደር፣ ከቅያሷ አፍ ላይ አንገቱን አስግጎ ያያል። የሚያየው አንዲት ሴትዮና ሸክም እንጨት ነው። ወይዘሮ ወለተሰንበት ወገባቸውን ይዘው ያቃስቱለታል። አስካሪው ይሄዳል።]

ዓባይነህ፦ [በሹክሹክታ] አመመዎት እንዴ?

ወለተሰንበት፦ ትንሽ ቆይ። እያለፈልኝ ነው።

[ከሩቅ የቀትሩ ባቡር ይጮሃል።]

ዓባይነህ፦ ጮኸ! ጮኸ እኮ! አለቀልኝ! የልጄን ዓይን ሳላይ ደሴ መሄዴ ነው! አማቴ አስቀሩኝ፣ ጭራሮ አስቀረኝ፣ ውሻ አስቀረኝ!

[ከትልቁ መንገድ ካሚዮን ይነሳል። ድምፁ እየራቀ ሄዶ ይጠፋል። ወይዘሮ ወለተሰንበት ረዥም ትንፋሽ ተንፍሰው ሸክሙን ከጀርባቸው ያወርዱና እንደ ምሰሶ ቀጥ አድርገው አጥሩ ላይ ያስደግፉታል። ቅያሷ ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ስፋት ታገኛለች።]

ወለተሰንበት፦ ውጣ እንግዲህ።

ዓባይነህ፦ [ቅያሷን አንዴ፣ ጭራሮውን አንዴ እያየ] ይሄ... እንዲህ ይቆም ነበር?

ወለተሰንበት፦ ይቆም ነበር።

ዓባይነህ፦ ከመጀመሪያው?

ወለተሰንበት፦ ዛፍ እያለም ቆሞ ነው የኖረው።

ዓባይነህ፦ ታዲያ ምን በደልኩዎ? ካፖው እኮ አሁን የመረጠውን መርጦ ገባ!

ወለተሰንበት፦ ምኑን ይመርጣል? ያ ካሚዮን ከሰንጋ ተራ ጀምሮ ያገኘውን ወንድ ሁሉ እየለቀመ ነው የመጣው። ለመንገድ ሥራ ነው አሉ። ቅያሷ አፍ ላይ ሲቆም አይቼ ነው፣ አንተ ሳትወጣ ልድረስ ብዬ ከነሸክሜ የሮጥኩት።

ዓባይነህ፦ [ይቀመጣል። ቆይቶ ደረቱን ነፋ ያደርጋል።] ለነገሩ እኔን አይወስዱኝም ነበር። የባቡር ሰው ነኝ ብላቸው ይለቁኛል። ሕጉን አውቀዋለሁ።

ወለተሰንበት፦ በድሉ አብሮህ ፉርጎ የሚጠርገው አይደል?

ዓባይነህ፦ ነው። እሱም የባቡር ሰው ነው።

ወለተሰንበት፦ እሱም እንዲያ ሲላቸው ሰምቼዋለሁ፤ ካሚዮኑ ላይ ሆኖ።

ዓባይነህ፦ [ደረቱ ይተነፍሳል] በድሉ...

ወለተሰንበት፦ አይዞህ። እናቱ ዘንድ እኔ እሄዳለሁ። ካፖውም ነገ በሩ ላይ ወንድ ሲያጣ ራሱ ይፈልግሃል። አሁን ተነስ፣ ሚስትህ ታስባለች።

ዓባይነህ፦ [ተነስቶ ጭራሮውን ይሸከማል፤ ፊቱን ወደ ቤት ያዞራል፤ መልሶ ይቆማል።] እማማ፣ አንድ ነገር ብቻ። ገና እንደተገናኘን ለምን «ካሚዮን አለ፣ አትውጣ» አላሉኝም? በአንድ ቃል ያልቅ ነበር እኮ!

ወለተሰንበት፦ ብልህማ ኖሮ፣ ካሚዮን እንዴት እንደሚሠራ ልታስረዳኝ እጄን ይዘህ እዚያው ድረስ ትወስደኝ ነበር።