የቆቦው ሰርቨር ምን አለ

ድሮ ቢሮ ስንሄድ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ይሉን ነበር። ስብሰባ እንኳ ደግ ነው፤ ቢረዝም ምሳ ሰዓት ይፈታዋል። አሁን የመጣብን «ሲስተም የለም» የሚሉት ነው። ይህን ሲስተም አይተነው አናውቅም። ሞተ እንዳንል ለቅሶ አልተቀመጥንለት፣ ዳነ እንዳንል ሥራ አልሠራልን። ኃላፊ ቢያጉላላችሁ ዘመዱን ፈልጋችሁ ታስለምኑታላችሁ። የሲስተምን ዘመድ ከወዴት ታመጡታላችሁ?

እኔ ግን አገኘሁለት።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ያለ ሰው ይመርን አያውቀውም። ይመር የማሽላ ማሳዬ ድንበርተኛ ነው፤ ሲያርስ በየዓመቱ ወደ እኔ ትንሽ ትንሽ ይገፋል። ከሰስኩት። ዳኛው «የመሬትሽን ልክ ከመዝገብ አሳትመሽ አምጪ» አሉኝ። መዝገቡ ያለው እዚሁ ቆቦ፣ አንድ ቢሮ ውስጥ ነው፤ ስሙን አልጠራም፣ ገና ብዙ ጉዳይ አለኝ። ሦስት ቀን ተመላለስኩ፣ ሦስቱንም ቀን ሲስተም የለም። አራተኛው ቀን መጣ፤ የፍርድ ቤት ቀጠሮዬ በማግስቱ ጠዋት ነው። ይመር አያፍርም፣ እየመጣ አጠገቤ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል።

«እህቴ ሐዋ፣ ዛሬም የለም?» ይለኛል፣ ፊቱ ሰርግ ቤት መስሎ።

ያን ቀን ከወልድያ ሰዓዳ የምትባል የኮምፒውተር ባለሙያ መጣች። እኛው ዘንድ ቁጭ ብላ ላፕቶፗን ከፈተችና ሰርቨሩን፣ ማለት መዝገባችንን ሁሉ በሆዱ የያዘውን ዋናውን ማሽን፣ ከሩቅ ጠራችው። አልመለሰም። ደገመችው። ዝም።

«ምነው ልጄ፣ አኮረፈ?»

«በኔትወርኩ አልሰማ አለኝ እማማ። አጠገቡ ገብቼ በገመድ ልጠይቀው ነው።»

ወደድኳት። እኛስ ብንሆን በሽተኛን ደጅ ቆመን ተጣርተን እንመለሳለን? አልጋው ድረስ ገብተን ነው የምንጠይቀው። ጠያቂ ብቻውን አይሄድም ብዬ ተከተልኳት፤ የቢሮው ኃላፊ ሊከለክለኝ አፉን ሲከፍት አልፌዋለሁ። ይመርም ተከተለ፣ በሽተኛው እንዳይድን ሳይጸልይ አልቀረም።

ከማሽኑ ሥር የወጣውን የገመድ ጫፍ ላፕቶፗ ላይ ሰካች። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ይወርድ ጀመር። ሌላው መንገድ ሁሉ ሲዘጋበት በዚህች በኩል ይናገራል አለች።

«ታዲያ ምን አለ?»

«ሞቀኝ ነው የሚለው። ይነሳና፣ እንዳይቃጠል መልሶ ይጠፋል።»

ያኔ ነው ቀና ብላ ማሽኑን ያየችው። ከራሱ እስከ መሬት የወረደ፣ ወፍራም የተጠለፈ ጨርቅ ለብሷል። እኛማ ገና ስንገባ አይተነዋል፤ ማን ይገረማል? ቆቦ ውስጥ ልብስ የሌለው ቴሌቪዥን የታለና።

«አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ነው ሰሞኑን ያለበስኩት» አለች ጽዳት ሠራተኛዋ ዘይነብ፣ ከበሩ ብቅ ብላ። ኃላፊው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፍባት አለ።

ጨርቁን ጠጋ ብዬ አየሁት። ሁለት ርግቦች፣ የአንደኛዋ አንገት ጠመም ያለ። ያን አንገት ያጣመምኩት እኔ ነኝ። ዘይነብ አምና ያስጠለፈችኝ ነው። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም፣ ይመር ደግሞ ከኋላዬ ቆሟል። ግን የድሃ እንጀራ በእኔ መርፌ ሊቆረጥ ነው።

«ሥራው የእኔ ነው» አልኩ። «የከበረን ዕቃ ማልበስም ከእናቶቻችን የተማርነው ነው። ደብዳቤ ከጻፍክ ለሁለታችን ጻፍ።»

ኃላፊው ደብዳቤውን ተወው፤ የሱም ቤት ቴሌቪዥን ሳይለብስ አይቀርም። ይመር ግን ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ።

«እህቴ ሐዋ፣ ለካ ይህን ሁሉ ቀን ለእኔ ስትሠሪልኝ ነው የከረምሽው።»

ጨርቁን በገዛ እጄ ገፈፍኩት።

መስኮት ተከፈተ፣ ማሽኑ ቀዘቀዘ። ከምሳ በፊት ወረቀቴ ታተመልኝ። ይመር በትከሻዬ ላይ አጮልቆ ልኩን ሲያነብ ሳቁ አለቀ። በር ላይ ስንደርስ «ፍርድ ቤት ምን ያደርግልናል፣ በሽማግሌ እንጨርሰው» አለኝ። ሽማግሌዎች ማሳው ላይ ተቀመጡ፣ ወረቀቱ ተነበበ፣ መሬቴ ተመለሰ።

ዕርቁ ሲያልቅ ይመር ጠጋ አለና፣ ለቴሌቪዥኑ እንደዚያው ዓይነት እንድጠልፍለት ለመነኝ። ጀምሬለታለሁ። ከኋላ ግን ክፍት እያደረግሁት ነው፤ የይመርም ዕቃ ቢሆን ይተንፍስ።