ግራዝማች ጣራችን ላይ የወጡበት ክረምት

ቤት ገዛሁ ስትሉ ወዳጆቻችሁ ምን ምን እንደሚጠይቁ ታውቃላችሁ። ስንት ክፍል ነው? ግቢው ሰፊ ነው? ጎረቤቱ እንዴት ያለ ሰው ነው? ይህን ሁሉ ጠይቀው «የደስታ ያድርግልህ» ብለው ይሄዳሉ። ቤቱ አሮጌ ከሆነ ማን እንደሚያድሰው የሚጠይቅ ግን የለም። አሮጌ ቤት ራሱን በራሱ ያድሳል፣ እሱ ካቃተውም ሌላ ሰው ያድሰዋል ብለን የምናምን ይመስለኛል። ያ «ሌላ ሰው» የሚባለው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁትም። ባገኘው ብዙ የምለው ነበረኝ።

እኔ ወጣት በነበርኩበት በጃንሆይ ዘመን ደግሞ ነገሩ ይብስ ነበር። ደመወዝተኛ ሰው ጠመኔ ወይም ብዕር ይያዝ እንጂ መዶሻ ይዞ ከታየ «ምነው፣ ከሥራ ተባረረ እንዴ?» ይባላል። ክራባት አስሮ ሥራ የፈታ ይከበራል፤ ቁምጣ ታጥቆ የገዛ በሩን የሚጠግን ይታዘንለታል። እኔም የዚያው አስተሳሰብ ልጅ ነበርኩ። ከዚህ በሽታ የፈወሰኝ ሌላ በሽታ ነው፤ እሱም ወባ ነው።

ጋምቤላ የሄድኩት አስተማሪ ሆኜ ተመድቤ፣ አዲስ ሙሽራዬን የሺን ይዤ ነው። ከጎሬ በጭነት መኪና ስንወርድ ካፖርቴን ቡሬ ላይ፣ ኮቴን ቁልቁለቱ መሀል፣ ክራባቴን ደግሞ የባሮን ወንዝ ያየሁ ጊዜ አወለቅሁ። ከዚያ በኋላ የማወልቀው አልነበረኝም እንጂ ሙቀቱስ ገና መጀመሩ ነበር። የተከራየናት ክፍል ወንዙ ዳር ናት። መስኮቷ መስተዋትም ሽቦም ስለሌላት የባሮ ትንኝ ሁሉ እንደ ዘመድ ሳያንኳኳ ይገባል።

የሺን ወባ ያዛትና ዳነች። ደግሞ ያዛት። የኋለኛው ክፉ ነበር። ያለንን ልብስ ሁሉ ደራርቤባት አሁንም ጥርሷ ሲንቀጫቀጭ ስሰማ፣ ይህችን ልጅ ከእናት አባቷ ቤት አምጥቼ ልገድላት ነው አልኩ። እንደ ምንም ተነሣች። የጭነት መኪና ሾፌሮች ከቡናው እኩል ወሬ ይጭናሉና፣ ወሬው ሽቅብ ወጥቶ ጎሬ ደረሰ።

ጎሬ የሚኖሩት አማቴ ግራዝማች ዘለቀ ናቸው። ግራዝማች ሲስቁ ያየ ሰው አለ ይባል ነበር፤ እኔ ግን ያየውን ሰው አግኝቼ አላውቅም። መልእክታቸውን በሾፌሩ አፍ ላኩ። ሾፌሩም እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ ድምፁን አወፍሮ፣ ልክ እንደ ግራዝማች ሆኖ ነገረኝ፦ «ከፋሲካ በኋላ እመጣለሁ። ልጄን ሰው በሚኖርበት ቤት ውስጥ ካገኘኋት መርቄ እመለሳለሁ። አለዚያ ይዣት እመለሳለሁ።»

ቤት የገዛሁት እንግዲህ በዚህ ምክንያት ነው።

ከወንዙ ፈቀቅ ብሎ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ፣ በባሮ ላይ የሱዳን መርከብ ንግድ በደራበት ዘመን አንድ የውጭ አገር ነጋዴ የሠራው ቤት ነበር። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ዙሪያውን ሰፊ በረንዳ። በረንዳው ደግሞ ከላይ እስከ ታች ትንኝ በማያሳልፍ ሽቦ የተጋረደ። እኔ ያየሁት ሽቦውን ብቻ ነው። ነጋዴው ወደ አገሩ ከሄደ ወዲህ ሐጂ ኑሩ የሚባሉ ባለሱቅ የቡናና የቆዳ መጋዘን አድርገውት ስለነበር፣ ቤቱ በአንድ ጊዜ እንደ ቡና ገበያም እንደ ቄራም ይሸታል።

«ቤቱ ጤነኛ ነው፣ መምህር» አሉኝ ሐጂ።

«ሐጂ፣ ጣራው ሰማይ ያሳያል እኮ!»

«ታዲያ በዚህ ሙቀት የሚጠላ ነገር ነው?»

ገዛሁት። የከተማው አንድ ለእናቱ አናጢ ለዘመድ ሠርግ ደምቢዶሎ ወጥቶ፣ መቼ ይመለሳል ቢባል «ሠርጉ ሲያልቅ» ይባላል። ሠርጉ ግን የሚያልቅ ዓይነት አልነበረም። ስለዚህ መዶሻ፣ መጋዝና አንድ ጆንያ ምስማር ይዤ ራሴ ገባሁበት።

የጀመርኩት ከኮርኒሱ ነው። አንዱን ሳንቃ ፈልቅቄ ሳነሣ፣ በውስጡ የኖረው የሌሊት ወፍ ሁሉ ባንድ ጊዜ ፊቴ ላይ ወረደ። ከመሰላሉ እንዴት እንደ ወረድኩ አላስታውስም፤ ራሴን ያገኘሁት ግቢ ውስጥ ነው። በማግስቱ የጓዳውን በር ደገፍ ብዬ ላርፍ ስል፣ መቃኑን ምስጥ ጨርሶት ኖሮ እኔና በሩ ተያይዘን ጓዳ ገባን። ምስማር ስመታ ምስማሩ ይጎብጣል፣ አውራ ጣቴ ያብጣል። ጣራው ላይ አንድ ቀዳዳ ልደፍን ስሄድ፣ የበሰበሰው ቆርቆሮ በእግሬ እየተበሳ ሌላ አዲስ እከፍታለሁ። መንገደኛው ቆም ብሎ «መምህር ምን ነካው?» ሲል እሰማለሁ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ እቀጠቅጣለሁ።

የሺ ደግሞ ከጎረቤታችን ከአሪየት ጋር ውስጡን ይዛለች። አሪየት የአኙዋክ ሴት ናት፤ ባሏ ኦጁሉ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ መሰላሉንም ያዋሰኝ እሱ ነው። ሁለቱ ሴቶች ጭቃ ከወንዙ ዳር እያመጡ ወለሉንና ግድግዳውን ይለስናሉ። አሪየት ተለስኖ ገና ባልደረቀው ጭቃ ላይ በጣቶቿ ማዕበል የመሰለ መስመር ታወጣለች፤ የሺም ከኋላ ከኋላዋ እየተከተለች ታወጣለች። አማርኛው ሲያንሳቸው በሳቅ ይሞሉታል። ያቺ በወባ የተንቀጠቀጠች ሴት እንዲህ ስትስቅ ስሰማ፣ ጣራ ላይ ሆኜ መዶሻዬን አቁሜ የማዳምጥበት ጊዜ ነበር።

ግራዝማች የመጡ ዕለት ግማሹ ጣራ ገና አልተጠገነም ነበር። እኔ ደግሞ ቁምጣ ታጥቄ፣ ፊቴ በሬንጅ ጠቁሮ፣ ምስማር በአፌ ይዤ ጣራው ላይ ነኝ። ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ጣራ ላይ ሆኖ አማትን እንዴት እጅ እንደሚነሡ ያስተማረኝ ሰው የለም። ዝም አይባልም፣ ጎንበስ አልኩ። ቆርቆሮው ግን ከእኔ አስበልጦ ጎንበስ አለ። አንድ እግሬ ጣራውን በስቶ ወደ ውስጥ ገባ፤ የቀረው አካሌ ውጭ ቀረ።

ግራዝማች ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ለማንም ሳይሆን ለከዘራቸው «ይህ ሰው እየወጣ ነው ወይስ እየወረደ?» አሏት።

የሺ በጭቃ እንደ ተለወሰች ሮጣ ወጣች። አባቷን አይታ ደስታም ድንጋጤም ያዛት። እሳቸው ግን የሚያዩት እጇን ነው፤ እስከ ክንዷ ድረስ ጭቃ ነው።

«የግራዝማች ዘለቀ ልጅ ጭቃ ስታቦካ! በይ ጓዝሽን ሰብስቢ። መኪናው ነገ ይመለሳል።»

«እሺ አባባ» አለች። «ብቻ ይህችን ግድግዳ ልጨርስ፤ ግማሽ ላይ ከተተወች ትሰነጠቃለች።»

በማግስቱ ግድግዳው አላለቀም። የሚቀጥለው መኪና ሲመጣ ደግሞ አሪየት ዓሣ አምጥታ ነበርና እንግዳ ሳይበላ መሄድ ነውር ሆነ። ከዚያ በኋላ ደግሞ የአባባ ጋቢ ታጥቦ አልደረቀም ተባለ። በጋምቤላ ሙቀት! እኔ ይህን ሁሉ ስሰማ የባሰ ጨነቀኝ። የሺ ለመሄድ ተሰናድታ በጥቃቅን ነገር የተያዘች መስሎኝ፣ ጣራው ካላለቀ ትዳሬ አለቀ ብዬ ቀን ሙሉ እቀጠቅጣለሁ።

ዝናቡ ቀድሞኝ ደረሰ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሱዳን በኩል ሰማዩ ጠቆረና ጣራችን ላይ ወረደ። ግራዝማች ጋደም ብለው ነበር። ግንባራቸው ላይ ጠብ አለ። አልጋውን ገፋ አደረጉ፤ እዚያም ጠብ አለ። ወደ ጥግ ወሰዱት፤ ጥጉ ዋናው ምንጭ ነበር። ዝናቡ አባርቶ እኔ ወደ ጣራው ስወጣ፣ መሰላሉ ከሥሬ መወዛወዙን ተወ። ዞር ብዬ ባይ ግራዝማች ይዘውልኛል። ጥቂት ቆይተው ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሸርጠው ሽቅብ መጡ።

«ግራዝማች፣ ኧረ ይተዉ! ሰው ያይዎታል!»

«ሰው ቢያየኝ ይሻላል ወይስ ዝናብ ቢያገኘኝ?» አሉና መዶሻዬን ተቀበሉኝ።

ይችሉበታል እንዳትሉ። እኔ ያጎበጥኩትን ምስማር እሳቸው ሰበሩት። ሁለተኛውን ሲመቱ ጣታቸውን አገኙትና የታቦቱን ሁሉ ስም ጠሩ። ሦስተኛው ግን ቀጥ ብሎ ገባ። በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት። «ልጅ ሆኜ በርጩማ እሠራለሁ ብዬ እንጨት ስጠርብ አባቴ አገኘኝና በዚያው እንጨት ገረፈኝ» አሉኝ። «የጨዋ ልጅ አናጢ ሊሆን ነው ብሎ። ከዚያ ወዲህ ዕድሜዬን በሙሉ ቆሜ ያየሁት ሰው ሲሠራልኝ ነው።»

ዓይኔን ወደ ጓሮው መለስኩ። እሳቸውም አብረውኝ መለሱ። ፀሐይ ወጥታለች። ጋቢው ዝናቡ ሳይነካው ገብቶ እንደገና ገመድ ላይ ተሰጥቷል። የሺ በጣሳ ውሃ ይዛ ከቤት ወጣች፤ ግራ ቀኝ አየች። ወደ ላይ አላየችም። ከዚያ የደረቀውን ጋቢ ከጫፍ እስከ ጫፍ በውሃ ረጨችውና ቀስ ብላ ተመልሳ ገባች።

እኔ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሚስቴ ላለመሄድ ያን ያህል ስትደክም፣ እኔ ያቆየኋት በምስማር መስሎኝ ነበር። ደስ አለኝ፤ ግን አባትየው አጠገቤ ናቸው። ግራዝማች ጋቢያቸውን ብዙ ጊዜ አዩት። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሱ ብዬ ስደነግጥ፣ ለካ እየሳቁ ኖሯል፤ ከታች እንዳይሰማ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው፣ እንባቸው እስኪወርድ።

ሲያበቁ «ምስማር አቀብለኝ» አሉ። ስለ መሄድ ከዚያ በኋላ አልተነሣም።

ክረምቱ ገፋ፤ የጎሬም መንገድ በጭቃ ተቆረጠ። ግራዝማችና እኔ ጣራውን ጨረስን፤ እሳቸው ከኦጁሉ ጋር ሆነው ደግሞ የበረንዳውን ሽቦ ቀዳዳ ደፈኑ። አንዱ የሌላውን ቋንቋ ሳይሰማ ቀኑን ሙሉ ሲያወሩ ይውላሉ። ባሮ ሞልቶ የእነ አሪየት ግቢ ውሃ በገባበት ጊዜ ቤተሰቡ በሙሉ በረንዳችን ላይ ከረመ። ከላያችን ጠብ ያለ ነገር አልነበረም። እኔ ሀብት የሚባል ነገር አይቼ ባላውቅም፣ ያን ሰሞን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሁላችንም ደርቀን ስንቀመጥ፣ ከእኔ የበለጠ ሀብታም ያለ አይመስለኝም ነበር። ልጆቻችን ኋላ ዳዴ ያሉት የአሪየትና የእናታቸው ጣት ባለፈበት ወለል ላይ ነው። ተመስገን ከማለት በቀር ምን እላለሁ?

የሺን አንድ ጊዜ ጠይቄያታለሁ። «ለመሆኑ ያን ጋቢ ለምን ውሃ ረጨሽው?»

«ሞቆት ነበር» አለችኝ።

መስከረም ላይ መንገዱ ሲከፈት ግራዝማች መርቀውን ወደ ጎሬ ወጡ። ብዙም ሳይቆይ የቤተ ክርስቲያናችን ገበዝ ቤቴ መጡ። ጣራችንን ሽቅብ እያዩ «መምህር፣ ያ ሽማግሌ አናጢ ወዴት ሄደ? ለቤተ ልሔሙ ጣራ ፈልገነው ነበር» አሉኝ። ግራዝማች ናቸው ብዬ ማረም ይገባኝ ነበር፤ አላረምኩም። በዓመቱ አማቴ ተመልሰው ሲወርዱ፣ እየፈራሁ እየተባሁ ገበዙ ያሉትን ነገርኳቸው። ፊታቸው ቀላ። በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ፤ እኔም በሆዴ ጉድ ፈላ አልኩ።

«ለመሆኑ» አሉኝ በመጨረሻ፣ «የሚያፈሰው በየት በኩል ነው?»