ውሃ የያዘችው ታንኳ

ሽማግሌ ከቀዬው ተነስቶ ከተማ ልጁ ዘንድ ሲገባ፣ ይህን ካልያዝኩ ንቅንቅ አልልም የሚለው አንድ ነገር አይጠፋም። የአንዱ ዳዊቱ ነው፣ የሌላው ከዘራው፤ አንድ ጎረቤቴማ አማቱን ከነበቅሏቸው ተቀብሏል። እኔም ከእነዚህ አንዱን እየጠበቅሁ ነበር። አባቴ ይዘው የመጡት ታንኳ ነው።

የደንገል ታንኳ ብትሆን እንኳ ደግ፤ ደርቃ ማገዶ ትሆን ነበር። የአባቴ ግን ፋይበር ናት፤ ጎርጎራ ላይ እንግዳ የሚያንሸራሽር ድርጅት ሲዘጋ የተወላቸው። ካህኑንም መንገደኛውንም ሐይቁ መሃል ወዳለው ገዳም ሲያሻግሩባት ኖረዋል። እናቴ ስታርፍ፣ ከተዝካሩ በኋላ ብቻቸውን አይከርሙም አልኩና፣ ለአንድ ክረምት ብቻ ብዬ ጎንደር፣ ፀዳ ሰፈር ወዳለው ቤቴ አመጣኋቸው። ታንኳዋም በአይሱዙ ተከተለች። ጫኙ እንዴት ባዶዋን ትሄዳለች ብሎ የደንቢያ ሽምብራ በጆንያ በጆንያ አጭቆባት ኖሮ፣ አዘዞ ስትደርስ ሆዷ ተሰንጥቋል። ስንት ማዕበል ያልበገራትን ሽምብራ ጣላት።

ክረምቱ አለፈ፤ መንገዱ ግን ተዘጋ። ለምን ተዘጋ አትበሉኝ፤ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። አባቴ የሚሹት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጎርጎራ ተመልሶ በታንኳዋ ሐይቁ ላይ መውጣት፣ የቀረችውንም ዕድሜ እናቴ ካረፈችበት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ መጨረስ። እኔ መንገድ መክፈት አልችልም። ታንኳ መጠገን ሳልችል አልቀርም ብዬ እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

የባጃጅ ፊት ከሚጠግን ወዳጄ የተረፈ የፋይበር ጨርቅና ሙጫ ለመንኩ። ስንጥቁን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁ፤ ጨርቁን ሙጫ እያጠጣሁ ደራርቤ ለጠፍኩ። አባቴ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ያዛሉ። ለቀለሙ ፒያሳ ድረስ ሄጄ ዋጋ ጠየቅሁና በባዶ እጄ ተመለስኩ። ያው ወዳጄ የባጃጅ ሰማያዊ ተርፎት ስለነበር እሱኑ ቀባናት። ሰፈሩ ሳቀ። አንዱ ታርጋዋስ አለኝ። ሌላው ደግሞ ለጥምቀት ቀሐ ወስደን ፋሲል መዋኛ ላይ እናንሳፍፋት ሲል አባቴ ሰሙና ተቆጡ፤ ለበረከት የተሞላን ውሃ መቅዘፊያ አይነካውም።

ሥራው አለቀ ስል አያልቅም። አንዱን ጎን በጨረስኩ ቁጥር አባቴ በመዳፋቸው ይዳብሱና "ሸጋ ነው፤ እዚች ላይ ግን ትሻክራለች" ይላሉ። እንደገና እፈገፍጋለሁ፤ እንደገና እቀባለሁ። መጀመሪያ ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ፤ ካለቀች እንግዲህ እንሂድ ማለት ይመጣል፣ መሄጃው ደግሞ የለም። ከዚያ ወዲህ ያልሻከረውን ሻከረ ሲሉኝ እሺ ብዬ እፈገፍግ ጀመር።

መሞከሯ ግን አልቀረም። ታንኳ የሚሞከረው ውሃ ላይ ነው፤ እኛ ሰፈር ውሃ የሚገኘው በቧንቧ፣ ያውም በወረፋ ነው። መላውን ያመጡት አባቴ ናቸው። እሷን ውሃ ውስጥ ማስገባት ካልተቻለ ውሃውን እሷ ውስጥ ማስገባት ነው፤ ካላወጣች አታስገባም። ቧንቧው የመጣ ዕለት እስከ አፏ ሞላናት። ጠብ አላለም። አባቴ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ነክረው ብዙ ቆዩ። ፊታቸውን ማየት ስላልደፈርኩ ባልዲ የማነሳ መስዬ ዞር አልኩ።

ከዚያ ቧንቧው ጠፋ፤ ጠፍቶም ሰነበተ። መጀመሪያ ጎረቤታችን ወይዘሮ ጥሩ ጀሪካን ይዘው በሩን አንኳኩ፤ ከኋላቸው ሰፈሩ። አባቴ በርጩማቸውን ከታንኳዋ አጠገብ አስጠግተው ለሁሉም ይቀዱ ጀመር። ሰው ማሻገር የለመዱ አይደሉ፤ ማንንም አያስቀድሙም፣ ማንንም አይረሱም። ኋላ ኋላ ቧንቧ ሲመጣ መጀመሪያ የምትሞላው ታንኳዋ ሆነች። በአባቴ ስም፣ አያ ይበልጣል ጋ ውሃ አለ ማለት ተለመደ።

መንገዱ ተከፈተ የተባለው በእንዲህ ያለ ደረቅ ሰሞን ነው። አይሱዙ ፈለግሁ፤ ሹፌሩን ሽምብራ እንዳይጭን አስማልኩት። ውሃውን ልደፋ ታንኳዋን ዘንበል ላደርግ ስል አባቴ እጄን ያዙኝ።

"ምነው ትደፋዋለህ? ሰው እየጠበቀው።"

"ታንኳዋስ አባባ?"

"ትቅር። እኔ የደንገሉን አላጣም።"

ያለ ታንኳዬ አልሄድም ብለው የመጡት ሰውዬ፣ ያለ ታንኳቸው ተመለሱ።

አሁን እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ይደውላሉ። ሐይቁ ደህና ነው፣ የእናቴም መቃብር ደህና ነው። ድምፃቸው ወጣት ሆኗል። ከመዝጋታቸው በፊት አንድ ጥያቄ አትቀርም። "ታፈሳለች? ካፈሰሰች ንገረኝ፣ መጥቼ አያታለሁ።"

በርጩማቸው እስከ ዛሬ ካስቀመጡበት አልተነሳም። ናፍቀውኛል፤ ሌላ ምን እላለሁ። ባለፈው ሰሞንማ ሚስማር ይዤ ታንኳዋ አጠገብ ቆሜ ነበር። የወይዘሮ ጥሩ ጀሪካን እግሬ ሥር ተራውን ይጠብቃል። ሚስማሩን ኪሴ ከተትኩና ሆዷን በመዳፌ ዳበስኩ፤ የሚሻክር ቦታ ፈለግሁ፤ አጣሁ። ሲደውሉም እውነቱን ነገርኳቸው፤ ጠብ አትልም። ምን ይደረጋል፣ ደህና አድርጌ ጠግኛት ኖሯል።