ማንጎ ዛፍ ላይ የወጣው ምስክር

እውነትን የማይወድ መሥሪያ ቤት የለም፤ ልዩነቱ በአወዳደዱ ነው። አንዱ እንደ እንግዳ ይቀበላታል፣ አንዱ እንደ ዘመድ ዓመት ጠብቆ ይጠይቃታል። ይህ የምነግራችሁ መሥሪያ ቤት ግን እውነትን እንደ ወርቅ ነበር የሚወዳት፤ ቆልፎባት ቁልፉን ኪሱ ይከታል። እስቲ ልጆቼ፣ ጠጋ በሉና ይህ ታላቅ ፍቅር ምን እንዳፈራ ላጫውታችሁ።

መሥሪያ ቤቱ በግቢው መካከል፣ ለሕዝብ ጥቅም ታስቦ፣ ከእብነ በረድ የተሠራ የውሃ ቦኖ አቆመ። ሪባን ተቆረጠ፤ ክቡር ኃላፊው ከራሳቸው የማይለየውን ባርኔጣቸውን አስተካክለው፣ «ይህ ቦኖ ለመጪው ትውልድ የምናወርሰው ነው» ብለው ተናገሩ። ትውልዱ ሳይደርስ ቦኖው ቸኮለ። በሳምንቱ፣ ሠራተኛው ሁሉ ለምሳ በወጣበት ሰዓት፣ ጓ! ብሎ ወደቀ።

ወንጀለኛው ለመገኘት ብዙ አላስቸገረም። ያን ሰዓት በግቢው ውስጥ እንደነበረ የታወቀው ዘበኛው ብቻ ነው። እሱም ቢሆን «ክቡር ኃላፊው ራሳቸው የኋላውን በር ጠብቅ ብለው ልከውኝ ነበር» ይላል፤ ኃላፊው ግን ይህን አላስታወሱም፤ ትልቅ ሰው ስንቱን ያስታውሳል? እናም «ከሥራ ባሕርይ ውጭ ቦኖውን በመደገፍ ማፍረስ» የሚል ክስ ተመሠረተበት። ዘበኛው ነፋስ ሲነሣ የግቢውን በር ሙጭጭ ብሎ የሚይዝ ቀጭን ሰው ነው።

«ጌታዬ» አለ ለመርማሪው፣ «እኔና ቦኖው ብንደጋገፍ፣ የምወድቀው እኔ ነበርኩ።»

መርማሪው ይህን እንደ ግማሽ የእምነት ቃል ቆጠረው። ከፍርስራሹ ላይ የተገኘውን ሰማያዊ የመኪና ቀለምም ቸል አላለውም፤ ባለሙያ አስጠርቶ አስመረመረ። ባለሙያውም እብነ በረድ ክፉኛ ሲደነግጥ ሰማያዊ ሊል እንደሚችል በሰፊው አስረዳ። ዘበኛው ታሰረ። ቢፈረድበት ሦስት ዓመት ነው፤ ሚስቱ ደግሞ የመጀመሪያ ልጃቸውን ልትወልድ ደርሳለች።

ነገሩ በዚህ አምሮ ባለቀ ነበር፤ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ባያበላሸው። ልጁ ከግቢው በር አጠገብ ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ ልጅ ነው። ከመሬት ይልቅ ግድግዳና ቅርንጫፍ ላይ ስለሚውል ሰፈሩ «ጦጣው» ይለዋል። ይኸው ጦጣው ኳስ ሲጫወት ለጓደኞቹ «ማን እንዳፈረሰው አይቻለሁ» ብሎ አመለጠው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ወሬው ችሎት ደረሰ። ዳኛውም ልጁ ቀርቦ እንዲመሰክር፣ ሕፃን ስለሆነም የራሱ ጠበቃ እንዲቆምለት አዘዙ።

የተመደበችለት ጠበቃ ወጣት ሴት ናት። እስከዚያ ቀን የቤት ኪራይ ውል ስታረቅቅ ነው የኖረችው። ንግግሯን ሁሉ «ይቅርታ» ብላ ስለምትጀምር በፍርድ ቤቱ ኮሪደር «ጠበቃ ይቅርታ» ይሏታል። እሷም ታውቃለች፤ ያወጡላትን ሰዎች «ይቅርታ፣ በእሱ ስም ባትጠሩኝ?» ብላቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ስሙ ይበልጥ ጸና።

ልጁን ልታነጋግር ወደ እናቱ ሻይ ቤት ሄደች። ሻይ ቤት ማለት አንድ አግዳሚ፣ አንድ ምድጃና አንድ ጃንጥላ ነው።

«ይቅርታ፣ እዚህ ጋ ልቀመጥ?»

«እትዬ፣ ለመቀመጥም ይቅርታ ይባላል እንዴ?» አላት ጦጣው።

ተቀመጠች። «ምን እንዳየህ ትነግረኛለህ?»

«ምንም አላየሁም።»

«አይቻለሁ ብለሃል አሉ።»

«አይቻለሁማ። ግን ‘ከየት ሆነህ?’ ብለው ይጠይቁኛላ።»

ቀና ብላ አየች። ከግንቡ ወዲያ፣ ልክ ከፈረሰው ቦኖ በላይ፣ የመሥሪያ ቤቱ ማንጎ ዛፍ ቅርንጫፉን ዘርግቷል። ማንጎው የሠራተኛው ነው፤ በተለይም የክቡር ኃላፊው። ግንዱ ላይ «መንካት በሕግ ያስቀጣል» የሚል ቆርቆሮ ተመቷል። ጠበቃዋ ነገሩ ገባት።

«እትዬ፣ እርስዎ የማን ጠበቃ ነዎት?»

«ያንተ።»

«የነገርኩዎትን ለሰው አይናገሩም?»

«ሕጉ አይፈቅድልኝም።»

«ለእማዬም?»

«ለእማዬም ቢሆን።»

ጦጣው ያን ጊዜ ሕግ የሚባለውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደደው። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ «እንግዲያው በልቻለሁ» አለ። «ሁልጊዜ ነው የምበላው። ዘበኛው ያየኛል፤ አይቶኝ ግን ፊቱን ወደ መንገዱ ያዞራል። አንድ ቀን ልወርድ ስል ቅርንጫፉ ሲንቋቋ መጥቶ ትከሻውን ሰጠኝ። ረግጬው ወረድኩ።» ቀጥሎም፣ «እሱ ለእኔ አይቶ እንዳላየ ሆነ። እኔም ለሌላ ሰው አይቼ እንዳላየሁ ብሆን፣ እሱ ይታሰራል አይደል?» ብሎ ጠየቃት።

«አዎ።»

«ስለዚህ እናገራለሁ። ግን ማንጎውን ማንም እንዳይጠይቀኝ። ትልልቅ ሰዎች የማይከሰሱበት ነገር አለ ይባላል፤ እሱን ያምጡልኝ።»

ጠበቃ ይቅርታ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከደንበኛ ቀርቦላት አያውቅም። ሌሊቱን ስትገላበጥ አድራ፣ በማግስቱ ዳኛው ፊት ቆመች። «ይቅርታ ክቡር ዳኛ፣ ደንበኛዬ በማንጎ ረገድ ያለመከሰስ መብት ይጠይቃል።» ዳኛው አዛውንት ናቸው። ፋይሉን ፊታቸው ላይ ከለሉት፤ ከፋይሉ ጀርባ ትከሻቸው ለጥቂት ጊዜ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ በኮስታራ ፊት «ተፈቅዷል» አሉ።

መሥሪያ ቤቱ ይህን ሲሰማ በጣም ተጨነቀ፤ ለልጁ ነው የተጨነቀው። ይህ ለጋ ሕፃን ክፉ ሰዎች ተጽዕኖ ቢያደርጉበትስ? ወዲያው «የሕፃን ምስክርን ከተጽዕኖ የሚጠብቅ ኮሚቴ» ተቋቋመ። ሰብሳቢነቱን፣ ጉዳዩን ከማንም ይልቅ በቅርብ ያውቁታልና፣ ክቡር ኃላፊው ተቀበሉት። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርና የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያው አባል ሆኑ። ጽሑፍ ተጽዕኖ ሊባል ስለሚችል ምንም ነገር እንዳይጻፍ፣ ሁሉም በየተራው ሄዶ በቃል ብቻ እንዲመክር ተወሰነ። በቃል የሚነገር ምክር ነው፤ ምክር ደግሞ ፍቅር ነው።

መጀመሪያ ርዕሰ መምህሩ አዲስ ቦርሳ ይዘው መጡ። «የኔ ልጅ፣ እውነት ምንጊዜም ታሸንፋለች። እውነቱን ተናገር። ሰማያዊ የሚለውን ቃል ብቻ አታንሳ።»

«ለምን ጋሼ?»

«ሰማያዊ ለሕፃናት ዓይን ጥሩ አይደለም።»

ቀጥሎ የሕዝብ ግንኙነቱ ኳስ ይዞ መጣ። «ያየኸውን አንድም ሳታስቀር ተናገር ጎበዝ። ብቻ መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ አየሁ እንዳትል። የእኛ መሥሪያ ቤት ወደ ፊት ብቻ ነው የሚሄደው።»

በመጨረሻ ክቡር ኃላፊው ራሳቸው መጡ። ምንም አልያዙም። ሻይ አዘዙ፤ ጃንጥላውን ቀና ብለው አዩት፤ አግዳሚውን መታ መታ አደረጉት። ለእናትየው፣ «ጥሩ ቦታ ይዘሻል እህቴ። ቦታ ግን እንደ ሰው ነው፤ ዛሬ ተቀምጦ ነገ ይነሣል» አሏት።

ከዚያ ወደ ልጁ ዞሩ። «አንበሳ! ያየኸውን ሁሉ ዘርግፈው። አንዲት ነገር ብቻ። ባርኔጣ ያደረገ ሰው መኪና ውስጥ ሆኖ ‘ፍሬኑ የቱ ነው? ኧረ ፍሬኑ የቱ ነው?’ እያለ ሲጮህ ሰማሁ እንዳትል።»

«እሱን እንኳ አልሰማሁም።»

«አልሰማህም?»

«መስኮቱ ዝግ ነበር።»

ኃላፊው ከልባቸው ደስ አላቸው። «በጣም ጥሩ! ስላልሰማህ እንዳትል!» ብለው ራሱን ዳበሱት። ሻዩን ሳይጠጡት ሄዱ።

እናትየው በዚያው ምሽት ጠበቃዋ ዘንድ እያለቀሰች መጣች። «እህቴ፣ ከዚያች አግዳሚ ሌላ ምን አለኝ? ልጄ ዝም ይበል?»

ጠበቃ ይቅርታ አይስጉ ብላ እንዳታጽናናት ራሷ ፈርታለች። «ይቅርታ፣ እኔም አላውቅም» አለቻት። «ግን የዘበኛው ሚስት ዛሬ ስንቅ አድርሳ ስትመለስ መንገድ ላይ አይቻታለሁ። ቁጭ እያለች ነው የምትሄደው።»

ሻይ ሻጯ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «እሱ እኮ ሻይ ጠጥቶ ብርጭቆውን አጥቦ ነው የሚመልስልኝ» አለች። በነጋታው የልጇን ሸሚዝ ተኩሳ አለበሰችው።

ችሎቱ ጢም ብሎ ሞላ። ክቡር ኃላፊው ልጁ ተጽዕኖ እንዳይደርስበት በዓይናቸው ሊጠብቁት ከፊት ረድፍ፣ ትይዩውን፣ ከነባርኔጣቸው ተቀመጡ። ዘበኛው በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆሟል፤ የሚደገፈው ነገር እንዳይኖር ከግድግዳው አርቀውታል።

«እህ ልጄ፣ ምን አየህ?» አሉ ዳኛው።

ጦጣው ኃላፊውን አየ። ኃላፊው አፈጠጡበት። «ጌታዬ፣ ብዙ ነገር እንዳልል ተነግሮኛል» አለ።

ኃላፊው «ሥርዓት ያለው ልጅ!» ብለው ለጎረቤታቸው አንሾካሾኩ።

«ምን ምን እንዳትል?» አሉ ዳኛው።

ዐቃቤ ሕጉ እንደ ስፕሪንግ ተፈናጥሮ ተነሣ። «እቃወማለሁ! ያልተባለ ነገር ማስረጃ ሊሆን አይችልም!»

ጠበቃ ይቅርታም ተነሣች። አፏ እንደ ልማዱ ያችን ቃል ሊያወጣ ከፈት አለ። ዘበኛውን አየችው። ቃሏን ዋጠቻት። «ጥያቄውን የጠየቁት ክቡር ዳኛው ናቸው። ዐቃቤ ሕግ የሚቃወመው እሳቸውን ነው?»

ዐቃቤ ሕጉ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ጦጣውም ጉሮሮውን ጠረገና የያንዳንዱን ድምፅ ከነአነጋገሩ እያስመሰለ ዘረገፈው። «ርዕሰ መምህሩ፣ ‘የኔ ልጅ፣ ሰማያዊ አትበል፤ ለዓይን ጥሩ አይደለም’ አሉኝ። የሕዝብ ግንኙነቱ፣ ‘መኪናው ወደ ኋላ ሄደ እንዳትል፣ እኛ ወደ ፊት ነን’ አለኝ። ክቡር ኃላፊው፣ ‘ባርኔጣ ያደረገ ሰው ፍሬኑ የቱ ነው እያለ ሲጮህ ሰማሁ እንዳትል’ አሉኝ። እሱን ባይሉኝም አልልም ነበር። መስኮቱ ዝግ ስለነበር አልሰማሁም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ በዚህኛውም ፍርሻ ዘበኛው እጁ አልነበረበትም። ጠበቃዋ ሳቁ እስኪሰክን ጠበቀች።

«ክቡር ዳኛ፣ የመኪናው መስኮት ዝግ ከነበረ፣ በውስጡ የተጮኸውን ከጮኸው ሰው በቀር ማን ሰማው?»

ክቡር ኃላፊው ለችሎቱ ካላቸው ክብር የተነሣ ቀስ ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ዘበኛው በዚያው ዕለት በነፃ ተለቀቀ፤ ሴት ልጁ ስትወለድም ደርሶ አቀፋት። ሕግ ግን ወንጀልን ያለ ቅጣት አይተውምና፣ ሰማያዊዋ መኪና ላልተወሰነ ጊዜ ታሰረች፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏችኋል ይሄ ነው። ዘበኛው ወደ ሥራው ተመልሶ እሷኑ እንዲጠብቅ ታዘዘ፤ እንዳይደገፋት በጥብቅ ተነግሮታል። ክቡር ኃላፊው በመንዳት ረገድ ያካበቱት ልምድ ታይቶ የመንገድ ደኅንነት ኃላፊ ሆኑ። በሹመታቸው ሽር ጉድ የሻይ ሻጯን አግዳሚ ማስነሣቱን ረሱት።

ኮሚቴውም አልፈረሰም። «ሕፃናት በምስክርነት የሚንገላቱት ስለሚያዩ ነው፤ የሚያዩት ደግሞ ዛፍ ላይ ስለሚወጡ ነው» ሲል በጥልቀት አጠናና፣ ማንጎውን ከሥሩ አስቆረጠው። በቦታው ስሙን በደማቅ ቀለም የጻፈበት ረጅም የብረት ታፔላ አቆመ።

ጠበቃዋ በዚያ ስታልፍ ከላይ ድምፅ ጠራት።

«እትዬ! የማንጎውን ግንድ ጭነው የማን ቤት እንዳራገፉት አይቻለሁ።»

ቀና አለች። «ከየት ሆነህ?»

ጦጣው «የሕፃን ምስክርን ከተጽዕኖ የሚጠብቅ ኮሚቴ» ከሚለው ታፔላ አናት ላይ እግሩን እያወዛወዘ፣ የተቀመጠበትን መታ መታ አደረገ።

«ከዚሁ» አላት። «ከማንጎው ይሻላል። የኃላፊው ቤት ድረስ ያሳያል።»