ሰንበት የሚያከብረው ወንዝ

(ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ ከወረቀት ፋብሪካው ግርጌ ባለው ወንዝ ዳር። አያ ላቀው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ እግሩን ነክሯል። በልጅነቱ ቄስ ትምህርት ቤት ጥቂት ከርሞ ስለነበር፣ ለማያውቀውም ነገር መልስ አያጣም። ጎረቤቱ ገነነ ባዶ ባልዲ አንጠልጥሎ ቆሟል። ምስኪን፣ ከዚሁ ወንዝ ያጠጣው የበርበሬ ችግኝ ጠውልጎበት ልቡ ተሰቅሏል፤ ችግኙ ከሞተ የዓመት ጉርሱ ሄደ ማለት ነው።)

ላቀው፦ ጠበል ነው አልኩህ፣ ጠበል!

ገነነ፦ እሺ አያ፤ ታዲያ ጠበል ችግኝ ያጠወልጋል?

ላቀው፦ እምነት ሲጎድል ያጠወልጋላ። ውሃው ምን ያድርግህ? አሁንም ቅዳና አጠጣ።

ገነነ፦ ዓሦቹስ? ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈዋል።

ላቀው፦ እየሰገዱ ነው።

ገነነ፦ ተንጋለው?

ላቀው፦ (ቆጣ ብሎ) ዓሣ ጉልበት አለው እንዴ? በምኑ ይንበርከክ?

(ይሄስ እውነት ነው ብሎ ገነነ ራሱን ነቀነቀ። ባልዲውን ሊነክር አጎነበሰና ደግሞ ተወው።)

ገነነ፦ አምና እኮ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ቀዝቃዛ ነበር። ምን አሞቀው?

ላቀው፦ ጸጋ ነዋ። የጉልበቴን ቁርጥማት አስለቅቆኛል። አማቶቼንም ከፈረስ ቤት ከተማ አስጠርቻለሁ፤ እሁድ መጥተው ይጠመቃሉ።

ገነነ፦ ኧረ እሁድ አያምጧቸው፣ በብርድ ያልቃሉ። እሁድ እሁድ ይቀዘቅዛል።

ላቀው፦ (ደንገጥ ብሎ፣ ወዲያው ፊቱ እየበራ) አየህ፣ ሰንበትን ያከብራል!

ገነነ፦ መብራት የጠፋ ለትም ቀዝቅዞ ነበር።

ላቀው፦ በዓል ውሎ ይሆናላ።

ገነነ፦ መብራት በጠፋ ቁጥር?

(ላቀው የወሩን በዓላት በጣቱ ቆጥሮ ቆጥሮ ተምታታበት።)

ላቀው፦ መብራትና ጠበል ምን አገናኛቸው?

ገነነ፦ እኔ ምን አውቄ አያ። ብቻ መብራት ሲጠፋ ፋብሪካው ይቆማል፤ እሁድም ይዘጋል። ያችውልዎት ቱቦዋ፣ ማሽን ያበረዱበትን ውሃ እዚሁ ነው የምትደፋው።

(ላቀው ቱቦዋን አየ። እንፋሎቷንም አየ። እግሩን ቀስ ብሎ አወጣ።)

ላቀው፦ ገነነ፣ እኔ እኮ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ ስጠጣው ነው የከረምኩ።

ገነነ፦ አይዞዎት፣ እኔም እርስዎን ሰምቼ ችግኜን ቀቅያለሁ። አፉን ነክሮ ጥሎት የሄደ በሬዬ ብቻ ነው። ውሃቸውን አብርደው ይልቀቁ ብለን ቀበሌ አቤት ስንል፣ እሱን አስቀድመን እንሂድ።